የተደፈነው ቀፎ

ኢንስፔክተር መስታወት ስትደርስ ሟቹ በጎኑ ተጋድሞ ነበር፤ አንድ እጁ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ነው። ፊቱ ከማበጡ የተነሳ ዓይኖቹ አይታዩም። ንቦቹ ገና አልበረዱም። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ጃኬታቸውን ተከናንበው አጥሩ ጥግ ቆመዋል፤ ወደ ሬሳው የቀረበችው እሷ ብቻ ናት። አባቷ ንብ አናቢ ስለነበሩ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድን ሰው ንብ እንደማይጣደፍበት ታውቃለች። ይህንኑ ለባልደረቦቿ ነገረቻቸው፤ ያመናት ግን የለም።

ሟቹ ኤፍራይን የሚባል ሜክሲኳዊ ቀራፂ ነው። የሰቆጣ ሰው በስሙ ሲንተባተብ መዋሉን ትቶ ኤፍሬም ብሎታል፤ እሱም ወዶት ነበር። በለስ የመጣው ከእኛ አገር ነው እያለ ከሽማግሌ ጋር የሚከራከር፣ ሰው የጣለውን ሁሉ የሚያነሳ ሰው ነበር። ከከተማው ዳር በተሰጠው ግቢ ውስጥ ከቤት የምትበልጥ ሴት ሲያቆም ከረመ። ጀርባዋ የተቀደደ ጀሪካን፣ ቀሚሷ የተቃጠለ መኪና ቆርቆሮ፣ ክንዷ የወይራ ሥር፣ ጸጉሯ ደግሞ ያረጁ ቀፎዎች ናቸው። ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፤ ቀጥሎ የየቤቱን ውዳቂ እየተሸከመ ያመጣለት ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ ሰቆጣ የሚጣል ነገር አልቸገራትም።

ይህ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንብ። እንደመጣ ሰሞን ማር ተራ ውስጥ አንዲት ንብ ነድፋው፣ ጉሮሮው ተዘግቶ መሬት ወድቋል። ያኔ ከኪሱ ብዕር የሚመስል መርፌ አውጥቶ በሱሪው ላይ ጭኑን ወጋ፤ ብዙም ሳይቆይ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። ገበያተኛው ይህን ለሳምንት አወራው። ይዞ የመጣቸው መርፌዎች ሁለት ብቻ ስለነበሩ፣ የቀረችውን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ግቢው መሀል ካለው ምሰሶ ላይ አስቀመጣት። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃታል። አሁን ሣጥኗ ባዶ ናት።

ኮማንደር ትእዛዙ ነገሩን ከምሳ በፊት ጨርሶታል። የግቢውን ጥበቃ ምንዋጋውን አሰረ። የበሩ ቁልፍ በእሱ እጅ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው አይቶታል፤ ሲጠየቅም አይመልስም። ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደለም። ከበላይ ስልክ እየተደወለለት ነው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደግሞ አንድ ስም መጥራት ያምረዋል።

«ነገ ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ» አላት። «በነፍስ ግድያ።»

«እስከ ነገ ታገሡኝ።»

«ምን ቀረሽ?»

«ባዶ ቀፎ እንዴት ሰው እንደገደለ አልገባኝም።»

የምንዋጋውን ቤት ታውቀዋለች። ሚስቱንና ልጁን ቀብሮ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። እሱ ከታሠረ ለእነዚያ ልጆች ጎረቤት ብቻ ነው የሚቀራቸው፤ ጎረቤቱም የራሱን ቤት ያልሞላ ነው። ስለዚህ የቀራት አንድ ቀን ነበር፤ ያንን ይዛ በእንጨት መወጣጫው ወደ ሐውልቷ ራስ ወጣች።

ከቀፎዎቹ አንዱ በብረት መቁረጫው ማሽን ተሰንጥቆ፣ በግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል። ሁሉም ባዶ ነበር ብለው የሚምሉበት ቀፎ ነው። ውስጡ የጠጅ ሳርና የወይራ ጭስ ይሸታል። ከጣሪያው መዳፍ የምታህል ነጭ ሰፈፍ ተንጠልጥላለች፤ ማር የላትም፤ ገና መሠራቷ ነው።  ቀጥሎ የቀፎውን አፍ ስትመለከት በእበትና በአመድ ተደፍኖ አገኘችው። ድፍኑ ገና እርጥብ ነው፤ በስንደዶ የተወጉ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉበት።

ቀፎው የማን እንደነበር ስትጠይቅ የመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ነው አሏት። እሳቸው ደግሞ ከወራት በፊት ጸጉሯ ቀፎ የሆነች ሴት ማቆም ጣዖት ከማቆም አይለይም ብለው በአደባባይ ያስተማሩ ናቸው። ሄዳ ስታነጋግራቸው አልካዱም። ኤፍሬም ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ ውሃ ፍለጋ የሚንከራተቱ ሴቶችን ለማክበር ነው ብሎ በአስተርጓሚ ሲያስረዳቸው ልባቸው ራርቶ የሟች አባታቸውን ቀፎ ሰጥተውታል።

«ውስጡ የጠጅ ሳር ይሸታል፣ የኔታ።»

«እኔው ነኝ ያሸሁት። በወይራም አጥኜዋለሁ።»

«ንብ እንዲገባበት?»

«አይደለም ልጄ። የአባቴ ቀፎ ነው። እንዲሁ ደረቁን ከቤት ማውጣት ከበደኝ። እኛ ቤት ቀፎ ለሰው ሲሰጥ ታጥኖ፣ ታሽቶ ነው።»

«ሰውየውን ንብ እንደሚገድለው ያውቁ ነበር።»

መሪጌታው መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አውቅ ነበር። እጄ ግን የለመደውን ሠራ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጣዖቱም ስለ ቀፎውም መናገር አልፈለጉም፤ ለሟቹ ፍትሐት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቋት። እሷም ይህን አላውቅም አለቻቸው።

ምንዋጋውን በኽምጥኛ ነበር ያነጋገረችው። በአማርኛ ዝም ያለ ሰው በእናቱ ቋንቋ ይፈታ ይሆናል ብላ ነው። በልጅነቷ ያወቀችው ሰው በመሆኑም አንተ ልትለው አልቻለችም።

«አያ ምንዋጋው፣ ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?»

«ከበሩ ላይ።»

«ከግቢው አልወጡም?»

«አልወጣሁም።»

«ደግሰው በማለዳ ጠፍርና አንሶላ ይዞ ምን ሊያደርግ መጣ?»

ደግሰው የምንዋጋው ሚስት ወንድም ነው፤ ሬሳውን አየሁ ብሎ እየሮጠ ፖሊስ የጠራው እሱ ነበር። ምንዋጋው መሬት መሬት ያያል። አውራ ጣቱን በጣቶቹ መሀል ሸሽጓል፤ ጥፍሩ ሥር የደረቀ እበት አለ።

«ከኤፍሬም ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ባለፈው ሰሞን ሌላ ደህና ቀፎ ቆረጠ። ቤት ነው፣ አትቁረጠው አልኩት። ኋላ ታርቀናል።»

«ከሣጥኑ መርፌዋን ማን ወሰዳት?»

እስካሁን መሬት መሬት ሲያይ የነበረው ሰው ቀና አለ። «እኔን ይዛችኋል አይደል? ይበቃችኋል» አላት።

ኢንስፔክተሯ ከክፍሉ ስትወጣ ይህ ቀና ማለቱ አብሯት ወጣ። ስለ ራሱ ሲጠየቅ አንገቱን የደፋ ሰው ስለ መርፌዋ ሲጠየቅ ቀና ያለው የሚሸፍነው ሌላ ሰው ቢኖር ነው። ሣጥኗን ከሚያውቁት ሠራተኞች ውስጥ ደግሞ ሰሞኑን ቤቱ በሽተኛ የነበረበት አንድ ብቻ ነው። ዓይናዲስ ናት።

ዓይናዲስ የብየዳ ሠራተኛ ነች። ሴት ልጅ ብረት ትበይዳለች ወይ ብለው የሳቁባትን ሰዎች ኤፍሬም በዓመት ውስጥ ዝም ያሰኘላት፣ የሐውልቷን አጥንት በእጇ የሠራች ሴት ናት። ቤቷ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት መደብ ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። አስም ካሠቃያቸው ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት ከመድኃኒት ቤቶቹ ካጡት ከራርሟል።

ዓይናዲስ ለጥያቄው ሁሉ አጭር መልስ ሰጠች። ኤፍሬም ጀሪካን ሊሰበስብ ጽጽቃ ወርዶ ነበር፤ ይቆያል ሲባል ሌሊቱን በጭነት መኪና ተሳፍሮ በማለዳ ደረሰ፤ እሷ ያኔ ቤቷ ነበረች። ድምጿ ደህና ነው። እጆቿ ግን የቀሚሷን ጫፍ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

ኢንስፔክተሯ ወደ እናቲቱ ዞረች። «ሰሞኑን ታመው ነበር አሉኝ፣ እማማ።»

«ሞቼ ነበር እንጂ ምን ታመምኩ፣ ልጄ። ትንፋሼ እዚህ ላይ ቀጥ አለ። እቺ ልጅ ባትደርስልኝ ሰልስቴን ትበሉ ነበር።»

«በምን አዳነችዎት?»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ፈገግ ብለው ጭናቸውን ዳበስ አደረጉ። «እስካሁን ይጠዘጥዘኛል» አሉ።

«እማዬ፣ አትናገሪ፤ ይደክምሻል» አለች ዓይናዲስ።

ኢንስፔክተሯ ሌላ አልጠየቀችም። በሥራ ዘመኗ ነገር ቶሎ ስለሚገባት ስትመሰገን ኖራለች፤ ያን ቀን ግን ባይገባኝ ኖሮ ብላ ከልቧ ተመኘች። የንቡን ነገር ብቻ ተናግራ ብትቆም ኮማንደሩ መርፌዋን ምንዋጋው ላይ ይለጥፋታል። ሁሉንም ብትናገር ደግሞ የምትያዘው ዓይናዲስ ናት። ዳገቱን እየወረደች ሌላ መንገድ ፈለገች፤ አላገኘችም። ከመሄዷ በፊት ደጅ ላይ ለዓይናዲስ ያለቻት ይህን ብቻ ነበር፦ «ነገ ጠዋት ከግቢው እንገናኛለን። የምትናገሪው ካለ ከእኔ በፊት ብትናገሪው ይሻላል።»

በማግስቱ ሁሉም ሐውልቷ ሥር ተሰበሰቡ። ምንዋጋው እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። መሪጌታው፣ ደግሰው፣ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ዓለምብርሃንና ጥቂት ሠራተኞች ቆመዋል። ዓይናዲስ ከሁሉም ራቅ ብላ ምሰሶውን ተደግፋለች። ኮማንደር ትእዛዙ ስልኩን በእጁ እያገላበጠ፣ ቶሎ በይ አላት።

«ከንቡ ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁላችንም ያሰብነው አንድ ሰው ንብ ያለበት ቀፎ ደብቆ ሰቀለ ብለን ነው። የተሰቀለው ግን ባዶው ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ቢሆን ያረጀ የማር እንጀራ፣ ማርም ይኖረው ነበር። ውስጡ ያለችው መዳፍ የምታህል አዲስ ሰፈፍ ናት፤ እሷም የተሠራችው ቀፎው እዚያው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ንቡ ራሱ መጥቶ ሰፈረ እንጂ ያመጣው ሰው የለም።»

ወቅቱ የአበባ ነው፤ ንብ ከእናት ቀፎው እየተከፈለ የሚወጣበት። መሪጌታው ያሹት የጠጅ ሳር ደግሞ ጠርቶታል። ይህን ስትናገር ወደ እሳቸው አላየችም፤ እሳቸው ግን ራሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«የቀፎው አፍ ተደፍኗል» ስትል ቀጠለች። «ሰው ለማስነደፍ የፈለገ አፉን አይደፍንም፤ ይከፍተዋል እንጂ። ድፍኑ ላይ የስንደዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ ንቡ እንዲተነፍስ። ይህን ያደረገው ንቡ እንዲኖርለት የፈለገ ሰው ነው፤ ሊያዛውረው። የሚደፈነውም ንቡ ሁሉ ከቤቱ ሳለ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ነው። አያ ምንዋጋው፣ ይናገሩ። ይህ አያስገድልዎትም።»

ምንዋጋው የተናገረው በኽምጥኛ ነበር፤ እሷ ለኮማንደሩ ተረጎመችለት። ንቡ የሰፈረው ኤፍሬም ጽጽቃ በወረደ ጊዜ ነው። በራሱ የመጣን ንብ አያባርሩትም፤ ካባረሩት የሰጠው አምላክ ይነሳል። ለሰው አፍም አያወጡትም። ስለዚህ ሰውየው ሳይመለስ፣ ሳይደነግጥ፣ ቤቱ ወስዶ ሊያሳድረው አሰበ። አፉን ደፍኖ፣ ቀፎውን አብሮት የሚያወርድ ሰው ፍለጋ ወደ ደግሰው ቤት ወረደ። ሲመለሱ ኤፍሬም ወድቆ አገኙት። ከበሩ አልወጣሁም ያለው ጥበቃ ሆኖ በሩን ጥሎ በመሄዱ አፍሮ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ በመጨረሻ። «ባልደፍነው ኖሮ ንብ ሲገባ ሲወጣ አይቶ ይሸሽ ነበር። ዝም ያለ ቀፎ አየ። ባዶ መሰለው።»

 እውነት ነበር፤ ኢንስፔክተሯም ይህን ልታስተባብልለት አልቻለችም። ኤፍሬም በማለዳ ደርሶ፣ ዝም ያለውን ቀፎ አይቶ፣ እንደ ልማዱ ለጸጉሯ ሊያበጀው ማሽኑን አስነስቶ ሰነጠቀው። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ገምቶታል።

«ይህ ግድያ አይባልም» አለ ኮማንደሩ፤ ቅር ያለው ይመስላል። «ሣጥኑስ?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ዓይናዲስ ተመለከተች። ዓይናዲስ ምሰሶውን እንደተደገፈች ናት።

«ኤፍሬም እየተነደፈ የሮጠው ወደ ሣጥኑ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባዶ መሆኗን ቢያውቅ ወደ በሩ ነበር የሚሮጠው። ለእሱ ሳይነግር መርፌዋን የወሰዳት ሰው አለ።»

«እኔ ነኝ» አለ ምንዋጋው፤ አሁን በአማርኛ። «ተናድጄ ወንዝ ወረወርኳት።»

የኮማንደሩ ፊት ፈካ። ኢንስፔክተሯ ግን ራሷን ነቀነቀች። ለንብ መተንፈሻ የሚያበጅ ሰው የሰው መተንፈሻ ወንዝ እንደማይወረውር ልትናገር ነበር፤ ያን ካለች በኋላ የማን ስም እንደሚከተልም ታውቃለች። ዘገየች። በዚህ መሀል ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከበሩ ገቡ።

ማንም አልጠራቸውም። ምንዋጋው መታሠሩን ከጎረቤት ሰምተው፣ በየድንጋዩ እያረፉ፣ በበትራቸው ዳገቱን ወርደው ነው የመጡት። ዓይናዲስ ልትቀበላቸው ሮጠች፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ገፋ አድርገዋት ኮማንደሩ ፊት ቆሙ።

«ምስክር ልሆን ነው የመጣሁ» አሉ። ለመናገር እያንዳንዱን ቃል በትንፋሽ ይለያሉ። «ይህን ሰው ፍቱት። ክፉ አይወጣውም። እኔ የሞትኩ ዕለት ማታ፣ ልጄ እየጮኸች ስትመጣ በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ግቢ፣ እናትሽን አድኚ ያላት እሱ ነው። ያቺን ብዕር የምትመስል መርፌ ባታመጣልኝ፣ ዛሬ አፈር ነበርኩ።»

ዓይናዲስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ፤ ከመሪጌታው እስከ ሐኪሙ። የጠበቁት ምስጋና አልነበረም፤ ይህን ያህል ዝምታም አልነበረም።

«ምን አልኩ?» አሉ።

የመለሰችላቸው ዓይናዲስ ናት። መርፌዋ የኤፍሬም እንደነበረች፣ ሌላ እንዳልነበረችው፣ እነግረዋለሁ ስትል ነገ ነገ እያለች እንዳሳለፈችው ነገረቻቸው። ብትነግረው ሥራውን ትቶ እንደሚሄድ ታውቅ ነበር፤ ሐውልቷ ላይ ደግሞ የስንቱ ሰው እንጀራ ተንጠልጥሏል። ከባሕር ዳር ይላክልሻል ያሏትን መርፌ እየጠበቀች ነበር። «እስኪመጣ ንብ አይኖርም ብዬ ነው» አለች። «ቀፎዎቹን በእጄ ፈትሼ ነበር፣ እማዬ። ሁሉም ባዶ ነበሩ።»

ኮማንደሩ ሐኪሙን ጠየቀው፤ መርፌዋ ብትኖር ይተርፍ ነበር ወይ? ሐኪሙ ሊተርፍ ይችል ነበር አለ፤ ያንን ሲል ማንንም አላየም። ኮማንደሩ የምንዋጋውን ካቴና ፈታለት። ምንዋጋው የተፈታ እጁን እንዳጣመረ ባለበት ቆሞ ቀረ። ኮማንደሩ ካቴናውን ይዞ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ነው።

«አሁን ማንን ልውሰድ?» አላት። የጠየቃት ከልቡ ነበር። እሷም ከልቧ አላወቀችም። ሕጉ ለዓይናዲስ አንድ ስም አያጣም፤ ዐቃቤ ሕጉ ፈልጎ ያገኝላታል። እሷ ግን ያንን ስም ራሷ መናገር አልሆነላትም።

«እኔን ውሰዱኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። «መድኃኒቱ ያለው እኔ ውስጥ ነው።»

ሌላም ሊሉ ነበር፤ ትንፋሻቸው ግን አልደረሰላቸውም። በትሩ ከእጃቸው ወደቀ። ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ፤ ዓይናዲስ ይዛ አስቀመጠቻቸው። ሐኪሙ ሮጦ ቦርሳውን ከፈተ፤ ውስጡ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ቢሆንም ዕቃውን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ደግሰው ውሃ አለ፤ ማንም ውሃ አላመጣም። መሪጌታው ጸሎት ጀምረው መሀል ላይ ጠፋባቸው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ያዙ። ምንዋጋው መኪና ሊለምን ወደ መንገዱ ሮጠ።

ኢንስፔክተር መስታወት ከአሮጊቷ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠችና ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ ጀርባዋን ለጀርባቸው ሰጠች። ከዚህ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ዓይናዲስ የእናቷን እጅ ይዛ፣ ቀስ ብለሽ እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ትላለች። ኢንስፔክተሯ እያንዳንዷ ትንፋሽ ስትመጣ በጀርባዋ ይሰማታል፤ ከዚያ የምትቀጥለውን ትጠብቃለች።